«ማዕድን ጁባር ነው» የሚለው ሐዲሥ የድንጋይ ካባ ባለቤትን ከካሳ ነጻ ያወጣል?

ጥያቄው የቀረበው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን አካባቢ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦ «በቀበሌያችን ዳርቻ ያለው የድንጋይ ካባ እየሰፋ መጥቶ የምንጫችን ራስ ላይ ደርሷል፤ ውሃውም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው። ባለፈው ጥር በተተኮሰው ድማሚት የሦስት ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ሁለቱ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ናቸው። የክሬሸሩ አቧራ በጤፋችን ላይ ያርፋል። ድንጋዩ አልቆ የተተወው ጉድጓድም ክረምት ውሃ ይዞ የጎረቤቴን ጥጃ ገደለ። የካባው ባለቤት ሙስሊም ነው፤ ጁሙዓ በአንድ ሰፍ እንቆማለን። ካሳ ስንጠይቀው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ‹ማዕድን ጁባር ነው› ብለዋልና ምንም የለብኝም አለን። ወጣቶቻችን ደግሞ በምድር ላይ የሚያበላሽ ሰው ቅጣቱ በሱረቱል ማኢዳ ተጽፏል እያሉ መኪናውን ለማቃጠል ይዝታሉ። ሸሪዓው የሚለው ምንድን ነው? እኛስ ምን እናድርግ?»

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የካባው ባለቤትም ወጣቶቹም የጠቀሱት ቃል እውነተኛ ነው፤ ያመጡት መደምደሚያ ግን የሁለቱም ትክክል አይደለም። ሸሪዓው ለደረሰው ጉዳት ካሳ ያስከፍላል፤ ጥፋት ከተገኘም ዳኛ በተዕዚር፣ ማለትም መጠኑን ራሱ በሚወስነው ቅጣት፣ እንዲቀጣ ይፈቅዳል። ሐድ፣ ማለትም በቁርኣንና በሐዲሥ መጠኑ የተወሰነ ቅጣት፣ ግን በዚህ ጉዳይ የለም፤ ቅጣትን የመፈጸም ሥልጣንም ለተቆጣ ጎረቤት አልተሰጠም። ዝርዝሩ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ።

ሐዲሡን አቡ ሁረይራ አውርተውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም መዝግበውታል። ሙሉ ቃሉ እንስሳ ያደረሰችው ጉዳት ጁባር እንደሆነ፣ ጉድጓድ ጁባር እንደሆነ፣ ማዕድን ጁባር እንደሆነ፣ በሪካዝ (ተቀብሮ በተገኘ ሀብት) ላይም አንድ አምስተኛ እንዳለበት ይናገራል። ጁባር ማለት ደሙ የማይጠየቅ፣ ካሳ የማይከፈልበት ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህንን የተረዱት አንድ ሰው በገዛ መሬቱ ወይም ባለቤት በሌለው ምድረ በዳ፣ በተፈቀደለት አኳኋን ማዕድን ሲቆፍር፣ በፈቃዱ የተቀጠረ ሠራተኛ ቢናድበት ወይም አላፊ አግዳሚ ገብቶ ቢጎዳ፣ ቆፋሪው ያለ ጥፋቱ የደም ካሳ አይጠየቅም በሚል ነው። ስለዚህ ቃሉ የሚመለከተው ወደ ማዕድኑ የሄደን ሰው ነው። ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ማዕድኑ ግድግዳውን ሰንጥቆ የገባበትን ሰው ጉዳይ በዚህ ሐዲሥ መዝጋት አይቻልም።

ይህ የእኔ የዘመን ትርጓሜ አይደለም። በ179 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ማሊክ ሙወጠእ በተባለው የሐዲሥ መጽሐፋቸው ውስጥ ይህንኑ ሐዲሥ ካሰፈሩ በኋላ፣ በሙስሊሞች መንገድ ላይ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ እንስሳ የሚያስር ወይም በዚያ ሊያደርገው የማይፈቀድለትን ነገር የሚያደርግ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ገልጸዋል። «ጉድጓድ ጁባር ነው» የሚለው ቃል ለመንገድ ቆፋሪው መሸሸጊያ አልሆነም ማለት ነው፤ «ማዕድን ጁባር ነው» የሚለውም በምንጭ ራስ ላይ ለሚቆፍር ሰው መሸሸጊያ አይሆንም።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ደግሞ በሐዲሡ የመጀመሪያ ክፍል ላይ አለ። እንስሳ ጁባር ናት ተብሏል፤ ነገር ግን የበራእ ኢብን ዓዚብ ግመል የሰው አትክልት ገብታ ባጠፋች ጊዜ፣ ነቢዩ አትክልቱን በቀን መጠበቅ የባለ አትክልቱ ኃላፊነት እንደሆነ፣ እንስሳት በሌሊት ላጠፉት ግን ባለቤቶቻቸው እንደሚጠየቁ መፍረዳቸውን አቡ ዳውድ መዝግበዋል። ጁባር የሚለው ቃል ያለ ገደብ ቢሆን ኖሮ ይህ ፍርድ ባልተሰጠ ነበር። ድንበሩ ጥበቃ ነው፤ መጠበቅ ሲገባው ያልጠበቀ ሰው ይከፍላል።

ከብትና ሰብል ከተነሡ፣ ለጥያቄዎ ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ በሱረቱል አንቢያ 78ኛውና 79ኛው አንቀጽ ላይ ያለው የዳውድና የሱለይማን ፍርድ ነው። የአንድ ሕዝብ በጎች በሌሊት የሰው እርሻ ገብተው ያጠፋሉ። የተፍሲር (የቁርኣን ማብራሪያ) ሊቃውንት እንዳስተላለፉት ዳውድ በጎቹ ለባለ እርሻው እንዲሰጡ ፈረዱ፤ ሱለይማን ግን ሌላ መንገድ አሳዩ። በጎቹ ለጊዜው ለባለ እርሻው ይሰጡ፤ ከወተታቸውና ከጸጉራቸው ይጠቀም፤ የበጎቹ ባለቤት ደግሞ እርሻውን እየሠራ ወደ ነበረበት ይመልስ፤ እርሻው እንደ ቀድሞው ሲሆን እያንዳንዱ የራሱን ይውሰድ አሉ። ቁርኣኑም «ለሱለይማን አስገነዘብነው» ይላል።

በጎጃም ገጠር ያደገ ሰው የዚህን ፍርድ ጣዕም ያውቀዋል። ከብት ሰብል ውስጥ ሲያድር ባለ ማሳው ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ የተበላውና የተረገጠው ይታያል፤ ማሳው ስንት ቁና ይሰጥ እንደነበር ይገመታል፤ ባለ ከብቱም ይክሳል። የሱለይማን ፍርድ ከዚህም አንድ እርምጃ ይሻገራል፤ አጥፊው ዋጋ ከፍሎ እንዲሄድ አልተተወም፤ ያጠፋውን መሬት በእጁ እንዲያድን ታዘዘ፤ እስኪያድን ድረስም የገቢው ምንጭ በተበዳዩ እጅ ሆነ። ካባ ቆፍሮ ጉድጓዱን ትቶ ስለሚሄድ ሰው ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ አራቱ ጉዳቶች ልምጣ። የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ጉዳትን በቀጥታ ባደረሰ ሰውና በሰበብ ባደረሰ ሰው መካከል ይለያሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኦቶማን መንግሥት ከሕግ መንገዶቹ (መዝሀቦች) አንዱ የሆነውን የሐነፊን ፊቅህ በአንቀጽ ባደራጀበት መጀላ፣ አንቀጽ 92 በቀጥታ ያጠፋ ሰው ባያስብበትም እንደሚከፍል፣ አንቀጽ 93 ደግሞ በሰበብ ያጠፋ ሰው ሆን ብሎ ካላደረገው በቀር እንደማይከፍል ይደነግጋሉ፤ ሊቃውንቱም በሁለተኛው ላይ ከተፈቀደለት ወሰን ማለፍን ይጨምሩበታል። የድማሚቱ ንዝረት ግድግዳ ሲሰነጥቅ፣ እንደ እኔ አስተያየት ይህ ከቀጥታው ይመደባል፤ «አላሰብኩትም» ማለት ከካሳ አያድንም። የቤቶቹ ባለቤቶች ሃይማኖት በዚህ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ የጎረቤት ንብረት የጎረቤት ንብረት ነው።

የአቧራው ነገር አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የዚያው የመጀላ አንቀጽ 1200 ከሌላ ሰው ቤት አጠገብ አውድማ ስለሚያበጅ ሰው ይናገራል። የአውድማው አቧራ ባለ ቤቱን መኖር እስኪያቅተው ካስቸገረው፣ ጉዳቱ እንዲወገድ ይታዘዛል። በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚወቃበት አውድማ እንዲህ ከተባለ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈጭ ክሬሸር ምን ሊባል እንደሚገባ ግልጽ ነው። እዚያው ጎጃም ውስጥ በአንድ ካባ አጠገብ ባለ ማሳ ቆሜ፣ ሊያሸት የደረሰን የጤፍ ዘለላ በጣቶቼ መካከል ሳሳልፈው በጣቶቼ ላይ ዱቄት የመሰለ ግራጫ ትቢያ ቀረ፤ ነፋሱ ከማይነፍስበት ወገን ያለው ማሳ ግን ለምለም አረንጓዴ ነበር። ለዳኛ የሚያስፈልገው ማስረጃ ይህን የመሰለ ነው፤ ሁለት ማሳ፣ አንድ ዘር፣ አንድ ዝናብ፣ የተለያየ ምርት።

ምንጩ ከሁሉም የከበደው ነው። አቡ ዳውድ ባወሩት ሐዲሥ ሙስሊሞች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች ናቸው ተብሏል። ፊቅህ ለምንጭና ለጉድጓድ ሐሪም የሚባል ክልል ያደርግላቸዋል፤ በዚያ ውስጥ ሌላ ሰው ሊቆፍር አይፈቀድለትም። በሐነፊ መዝሀብ የምንጭ ሐሪም 500 ክንድ ነው። ልኩ በየመዝሀቡ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ውሃው ከምድር በታች የሚመጣበትን መንገድ የሚነካ ሁሉ ውሃውን ነክቷል። ስለ የመን ጨውም አንድ ታሪክ አለ። አብየድ ኢብን ሐማል የመእሪብን የጨው ማዕድን ጠይቀው ነቢዩ ሰጧቸው፤ አንድ ሰው ግን የሰጡት እንደማይነጥፍ ውሃ ያለ ነገር እንደሆነ ሲናገር መልሰው ወሰዱት። በአንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ የሕዝብ ጥቅም እንደሚነካ ሲታወቅ የሚነሣ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በመሆኑም «ፈቃድ አለኝ» የሚለው መልስ የሚረዳው በፈቃዱ ወሰን ውስጥ ለቆየ ሰው ነው። ስለ ጥጃውም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ከብት በሚያልፍበት ቦታ ጉድጓድ ከፍቶ ሳይደፍኑና ሳያጥሩ መተው ወሰን ማለፍ ነውና ዋጋዋ ይከፈላል። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ፣ አላህ ይጠብቀንና፣ የሰው ልጅ ቢሞት ሐነፊዎች በሰበብ የሆነ ግድያ ብለው የደም ካሳን ያስከፍላሉ፤ ሻፊዒዎች በዚህ ላይ ከፋራን (የጥፋት ማስተስረያን) ይጨምራሉ። ስለዚህ ጉድጓዱ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት መታጠር አለበት፤ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚቆይ ነገር አይደለም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ካሳ ነው፤ ቅጣት ሌላ ነው። ወጣቶቹ የጠቀሱት የሱረቱል ማኢዳ 33ኛ አንቀጽ አላህንና መልእክተኛውን ስለሚዋጉና በምድር ላይ በማበላሸት ስለሚሮጡ ሰዎች ይናገራል፤ ቅጣቱም መገደል፣ መሰቀል፣ እጅና እግርን በማፈራረቅ መቆረጥ ወይም ከአገር መባረር ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን ሒራባ ለሚባለው፣ መሣሪያ ይዞ መንገድ በመዝጋት ለሚፈጸም ዘረፋና ግድያ ወስነውታል። እርግጥ ነው፣ ቁርኣን ማበላሸት የሚለውን ቃል ለእርሻና ለውሃም ይጠቀማል፤ በሱረቱል በቀራ 205ኛ አንቀጽ አዝመራንና ዘርን ስለሚያጠፋ ሰው ይናገራል፤ በሱረቱል አዕራፍ 56ኛ አንቀጽም ምድርን ከተስተካከለች በኋላ ማበላሸትን ይከለክላል። ከዚህ ተነሥተው አካባቢን በከፍተኛ ደረጃ የሚያጠፋን ሰው ወደዚያ ቅጣት ማስገባት የሚሹ አሉ፤ እ.ኤ.አ. የ2013 የኢራን የቅጣት ሕግም በአንቀጽ 286 መርዛማና አደገኛ ነገሮችን በሰፊው ማሰራጨትን በምድር ላይ ማበላሸት ከሚላቸው ድርጊቶች መካከል ቆጥሯል። እኔ ይህንን መንገድ አልቀበለውም። ሐድ በጥርጣሬ የሚወድቅ ቅጣት ነው፤ በቃል መመሳሰል ብቻ ከአንድ ወንጀል ወደ ሌላ አይሻገርም፤ የሰውን ሕይወት የሚያህል ነገር በምሳሌ ትርጓሜ አይወሰድም።

ለዚህ ጉዳይ የተሰጠው በር ተዕዚር ነው፤ ይኸውም በጽሑፍ መጠኑ ላልተወሰነ ጥፋት ዳኛው እንደ ጥፋቱ ክብደት የሚወስነው ቅጣት ነው። ከተግሣጽ ይጀምራል፤ እስራት፣ ከሥራ ማገድ፣ የመሥሪያ መሣሪያ መያዝ ይከተላሉ። በገንዘብ መቅጣት ላይ ሊቃውንቱ ተለያይተዋል፤ ብዙዎች ሲከለክሉት አቡ ዩሱፍና ኢብን ተይሚያ ፈቅደውታል፤ ለአካባቢ ጥፋት የሁለተኛው አስተያየት የተሻለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የተፈጸመው ለገንዘብ ነው። በየትኛውም አስተያየት ግን ተዕዚር የዳኛና የመንግሥት ሥራ ነው። መኪና ማቃጠል ተዕዚር ሊባል አይችልም፤ ሌላ ጥፋት ነው። ኢብን ማጃና ማሊክ የመዘገቡት «ላ ደረረ ወላ ዲራር» የሚለው ቃል ሁለት ክፍል አለው፤ መጉዳትንም ጉዳትን በጉዳት መመለስንም ይከለክላል። ወጣቶቹ ሁለተኛውን ክፍል እንዲያስቡት በትሕትና ንገሯቸው፤ ቁጣቸው ግን ከእውነተኛ በደል የመጣ ስለሆነ አትናቁባቸው።

የሐድ ቅጣት መኖሩ ብቻውን ምድርን እንደማያድን በናይጄሪያ የዛምፋራ ግዛት ታይቷል። ዛምፋራ እ.ኤ.አ. በ2000 የሸሪዓ የወንጀል ሕግን በሥራ ላይ ያዋለች የመጀመሪያዋ የናይጄሪያ ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን በዚያው ግዛት መንደሮች በባህላዊ መንገድ ወርቅ ለማውጣት እርሳስ ያለበት ድንጋይ በእህል ወፍጮና በግቢ ውስጥ ሲፈጭ፣ አቧራው ከ400 በላይ ሕፃናትን ገደለ። ሕፃናቱ የተጫወቱበት አፈር፣ ዶሮ የጫረችበት ግቢ መርዝ ነበር። የተረፉትን ያዳናቸው የተበከለውን አፈር ጠርጎ ማውጣትና ረጅም ሕክምና ነው። በኢንዶኔዥያ ደግሞ የዑለማዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው 22ኛ ቁጥር ፈትዋ፣ ማዕድን ማውጣት ለሕዝብ ጥቅም እስከሆነና ጉዳት እስካላስከተለ ድረስ እንደሚፈቀድ፣ ጥፋት የሚያስከትለው ግን ሐራም እንደሆነ፣ የተቆፈረውን መሬት መልሶ ማልማትም ግዴታ እንደሆነ አሳውቋል። የእኛም ዑለማዎች እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል ቢሰጡን እመኛለሁ፤ የካባው ባለቤት ሐዲሥ ጠቅሶ ሲያመልጥ መልስ የሚሰጠው ኢማም በየመስጊዱ ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን ሥልጣን፣ በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 እንደተደነገገው፣ በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ላይ የተመሠረተና በቤተሰብና በግል ጉዳዮች የተወሰነ ነው። የካባው ጉዳይ ወደዚያ አይሄድም። ይህ ግን ሸሪዓው የጠየቀው ሳይፈጸም ይቀራል ማለት አይደለም። ተዕዚር በባሕርይው ለመንግሥት የተተወ ሥልጣን ስለሆነ፣ መንግሥት ጉዳትን ለመከልከል ያወጣውን ሕግ መጠቀም ከዲን ጋር አይጋጭም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 519 ሕግን በመጣስ በካይ ነገርን ወደ አካባቢ የለቀቀን ሰው በመቀጮ ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በሰው ጤንነት፣ በሕይወት ወይም በአካባቢ ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። አንቀጽ 521 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በሕግ የተጠየቀበትን ሥራ ያለ ፈቃድ የጀመረን ወይም በግምገማው ላይ ሐሰት የተናገረን ሰው ይመለከታል።

ለእናንተ ከሁሉ የሚጠቅመው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ነው። በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በእሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለካሳው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2069 ፈንጂ የሚጠቀምን ወይም የመሬትን አቀማመጥ የሚለውጥን ሰው በሌላው ላይ ያልተለመደ አደጋ ካደረሰ ይጠይቀዋል፤ ጥፋት መኖሩን ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ አንቀጽ ከመጀላው 92ኛ አንቀጽ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ጠያቂያችን ሳያስተውሉት አይቀሩም።

ከክስ በፊት እርቅ መሞከር ይገባል፤ ጎጃም ውስጥ ያለ ሽማግሌ የሚጀመር ነገር አያምርም፤ እርቅም በዲናችን የተወደደ ነው። የመስጊዱን ኢማም፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁም አንድ ሁለት አባቶችን ይዛችሁ ሂዱ፤ ይህን ሐዲሥም ከነማብራሪያው አንብቡለት፤ ምናልባት በእርግጥ ተሳስቶ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ወሰን ይኑራችሁ። የቤቱ ባለቤት የግድግዳውን ካሳ መተው ይችላል፤ የጥጃዋም ባለቤት እንዲሁ። ምንጩን ግን ሽማግሌም፣ ኢማምም፣ እኔም እርስዎም ይቅር ልንለው አንችልም፤ ባለቤቱ መንደሩ ሁሉና ገና ያልተወለዱት ናቸውና። ስለ ምንጩ የሚደረግ ስምምነት ቁፋሮው ከምንጩ ራስ እንዲርቅ፣ የተተወው ጉድጓድ እንዲደፈንና ለምለም አፈር እንዲለብስ የሚያስገድድ ካልሆነ አትቀበሉት።

እስከዚያው ማስረጃ ሰብስቡ። አንድ ጀሪካን ከምንጩ ለመሙላት የሚፈጀውን ደቂቃ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩና ሁለት ሰው ይፈርምበት፤ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ከነ ቀኑ ፎቶ አንሡ፤ ድማሚት በተተኮሰ ቁጥር ሰዓቱን መዝግቡ፤ የካባውን ፈቃድና የተጽዕኖ ግምገማ ግልባጭ ፈቃድ ከሰጠው የክልል መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የካሳ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ቤቶቹ የተሰነጠቁት ባለፈው ጥር ከሆነ፣ ሽምግልናው ቢጓተትም ባይጓተትም፣ ክሱ ከዚያ ጥር ጀምሮ ሁለት ዓመት ከመሙላቱ በፊት መዝገብ ቤት መግባት አለበት።